ድርጎ፣ ደጅ ጥናትና ካውያ፦ ከ4 ኪሎ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በእግር

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት 900 ብር ከፍዬ ከ4 ኪሎ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚደረግ የታሪክ ጉብኝት በእግሬ ሄድኩ። እናቴ ስትሰማ «በታክሲ የሚደረስበትን መንገድ ከፍለሽ በእግርሽ?» ብላ ተገረመች። እኔ ግን ገንዘቡ አልቆጨኝም። ዲግሪ የያዝኩበት ትምህርት ከ17 ዓመት በኋላ ገና አሁን የገባኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ስለዚህ ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ስለ ራሴ። ትራንዚተር ነኝ፤ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ አስፈጽሜ አወጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ከዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ ከሚቀርበው የዕቃ መግለጫ) እና ከኢንቮይስ ጋር ነው የምውለው። ሞጆ ደረቅ ወደብ የገባ ዕቃ፣ ጋላፊ ላይ የቆመ መኪና፣ ጅቡቲ የቀረ ኮንቴነር፤ ስልኬ የሚጮኸው በዚህ ነው። የተማርኩት ግን ፖለቲካል ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ነው።

ያኔ የተማርነው ዓለም አቀፍ ግንኙነት ሰው አልነበረበትም። «ብሪታንያ ወሰነች»፣ «ጣሊያን ፈለገች»፣ «ፈረንሳይ ተቃወመች»። ሀገር ራሱ ያስባል፣ ይቆጣል፣ ይታረቃል። እኤአ ከ1648ቱ የዌስትፋሊያ ውል ተነስተን በጥቂት ሳምንት ቀዝቃዛው ጦርነት ላይ እንደርሳለን። በኋላ ታሪካዊ ሶሺዮሎጂ የሚባለው ሲመጣ ደስ አለኝ። መንግሥት በግብር፣ በጦርና በጽሕፈት ቤት ቀስ እያለ የተሠራ ነገር መሆኑን ያሳያል። ግን እሱም የሚቆጥረው በመቶ ዓመት ነው። በሩ ላይ የቆመው፣ ደብዳቤውን የተረጎመው፣ በቅሎውን የጫነው ሰው እዚያም የለም።

ይሄ ጉዞ የሚጀምረው ከነዚያ ሰዎች ነው። ለዚህ ነው የወደድኩት።

አዘጋጁ አንድ ወጣት የታሪክ ምሩቅ ነው። ቢሮም የለው፣ ድርጅትም የለው። በቴሌግራም ይመዘግባል፣ በቴሌብር ይቀበላል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 4 ኪሎ፣ የድሉ ሐውልት ሥር ተገናኘን። 14 ሰው ነበርን። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አንድ ባልና ሚስት፣ ለዘመድ ጥየቃ ከቨርጂኒያ የመጣች ልጅ፣ ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ። አስጎብኚው ስለ ሐውልቱ ብዙ አላወራም። «ሚያዝያ 27 ጣሊያን በ1928 አዲስ አበባ የገባበት ቀን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 የተመለሱትም በዚሁ ቀን ነው» አለና ፊቱን ወደ ቤተ መንግሥቱ አዞረ።

ከዚያ የጠየቀን ጥያቄ እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ከአድዋ ድል በኋላ፣ በ1889፣ የአውሮፓ መንግሥታት ተራ በተራ መልእክተኛ ወደ ምኒልክ ላኩ። የትምህርት ቤት መጽሐፍ «የኢትዮጵያ ነፃነት እውቅና አገኘ» ብሎ በአንድ መስመር ያልፈዋል። ልጁ ግን እንዲህ አለ፦ «እሺ፣ መልእክተኛው ደረሰ። ከዚያስ? ማን ነው የሚያስገባው? የት ያድራል? በቅሎው ምን ይበላል?»

ሁላችንም ዝም አልን።

መልሱ በሦስት ቃል ተጀመረ። የመጀመሪያው ድርጎ ነው። የንጉሥ እንግዳ የሆነ ሰው ከንጉሥ ድርጎ ይቆረጥለታል፦ በግ፣ እንጀራ፣ ጠጅ፣ ማር፣ ለእንስሳቱ ገብስ። ይህን የሚያቀርበው በመንገዱ ያለው ገበሬ ነው። ስለዚህ ዲፕሎማሲው ገና ቤተ መንግሥት ሳይደርስ ከገበሬው ጎተራ ጀምሯል ማለት ነው። ሁለተኛው እልፍኝ አስከልካይ ነው። ንጉሡ ዘንድ ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚቆይ በዚህ ሰው እጅ ያልፋል። ሦስተኛው ደጅ ጥናት ነው። ባላባቱም፣ ባለ ርስቱም፣ የተበደለውም ደጅ ይጠናል። የአውሮፓ መንግሥት ወኪልም ቢሆን ጉዳይ ካለው ተራውን ይጠብቃል።

ይህን ሲናገር ስለ ሥራዬ አሰብኩ። በዚህ ሀገር ጉዳይ የሚያስፈጽም ሰው ደጅ ጥናትን አያጣውም። መስኮት ፊት ቆመህ፣ ፋይልህን ታቅፈህ፣ የዘበኛውን ፊት እያነበብክ ትጠብቃለህ። መጠበቅ የሥልጣን ቋንቋ መሆኑን ከማንም መማር አላስፈለገኝም። ግን ይህ የሀገርና የሀገር ግንኙነት አካል ነው ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ከ4 ኪሎ ቁልቁል ወደ ቀበና ወረድን። መንገዱ ጫጫታ አለው። ልጁ ድምፅ ማጉያ አልያዘም። ከኋላ የነበርን ሰዎች ግማሹን አልሰማንም። 900 ብር ከ14 ሰው የሚሰበስብ ሰው ትንሽ ድምፅ ማጉያ መግዛት ይችላል። ይህንን ራሱም ሲጠየቅ አምኗል።

ድልድዩን ተሻግረን ጥላ ያለበት ቦታ ስንቆም ግን ሁሉም ቀርቦ ሰማ። ስለ ግራዝማች ዮሴፍ ንጉሤ ነበር የሚያወራው።

ግራዝማች ዮሴፍ አስተርጓሚ ነበሩ። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ሲፈረም በጣሊያን በኩል አንቶኔሊ ነበር፣ ሸዋ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው። አንቀጽ 17ን የማያውቅ የለም። በአማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በጣሊያን መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ምኒልክ ነገሩን የተረዱት ለአውሮፓ ነገሥታት የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሲመጣ ነው። መልሱ በጣሊያን በኩል ጻፉ የሚል ነበር።

ይህን ታሪክ ሺህ ጊዜ ሰምተነዋል። ልጁ ግን ከውሉ ይልቅ አስተርጓሚው ላይ ቆየ። በሁለት ቋንቋ መካከል የቆመ ሰው ምን ዓይነት ኑሮ አለው? ንጉሡ የሌላውን ጽሑፍ አያነቡም፣ የሚያምኑት እሱን ነው። ነገር ከተበላሸ የመጀመሪያው ተጠርጣሪም እሱ ነው። በዚያ ዘመን ቱርጁማን የሚባለው ሰው በቤተ መንግሥቱም በውጭ ሰዎቹም ዘንድ እኩል ይፈለጋል፣ እኩል ይጠረጠራል። «የግዛቶችን ጠብ ለመረዳት አንዳንዴ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠን አንድ ሰው ማየት ይበቃል» አለ።

እኔ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከሁለት ዓመት በፊት የደረሰብኝን ተናገርኩ። ከቱርክ የመጣ ማሽን ነበር። ታድሶ የተሠራ ነው። ሰነዱን የተረጎመልን ሰው «አዲስ» ብሎ ጻፈው። አንድ ቃል ናት። ዕቃው ዘጠኝ ቀን ቆመ። ዲመሬጁ፣ የመዘግየቱ ክፍያ፣ በየቀኑ ይቆጥራል፣ ደንበኛዬ በየሰዓቱ ይደውላል፣ እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ልጁ ሰምቶኝ ሲያበቃ «አየሽ፣ አንቺ አንቀጽ 17ን ኖረሽዋል» አለኝ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔ ግን ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ተሰነቀረ።

ከዚያ የነገረን ነገር ነው ከሁሉም በላይ ያረካኝ። ከአድዋ በኋላ፣ ጥቅምት 1889፣ የአዲስ አበባው የሰላም ውል ሲፈረም የተጻፈው በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነው። በጣሊያንኛ አይደለም። ውሉ የተፈረመው ከጣሊያን ጋር ሆኖ ሳለ! ድሉ ጦር ሜዳ ላይ ተገኘ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ በቋንቋ ምርጫ ተቆለፈ። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተቀምጬ ይህን የነገረኝ አልነበረም።

ስለ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስም እዚያው አነሳ። ምኒልክ በጥቅምት 1900 ሚኒስትሮች ሲሾሙ ነጋድራሱ የንግድም የውጭ ጉዳይም ሚኒስትር ሆኑ። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃ ነው፣ የገበያ ቀረጥ የሚሰበስብ። ስለዚህ የውጭ ጉዳይ ሥራችን ከጉምሩክ ጋር በአንድ ሰው እጅ ነበር የተጀመረው። ለሌላው ተራ ወሬ ሊሆን ይችላል። ለኔ ግን ሥራዬን በሌላ ዓይን እንዳየው አደረገኝ። የባዕድ ሰው፣ የባዕድ ዕቃና የባዕድ ወረቀት የሚያልፉት በአንድ በር ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ትራንዚት፣ ዲክላራሲዮን፣ ለጋሲዮን፣ ለገሃር፤ አፋችን ላይ ያሉት እነዚህ ቃላት ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። የጅቡቲው ባቡር እኤአ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ እንዲህ ያሉ ቃሎችንም ጭኖ መጣ። ጣቢያው በፈረንሳይኛ «ላ ጋር» ነው፣ እኛ ለገሃር አልነው። ይህን ለልጁ የነገርኩት እኔ ነኝ። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጻፈው።

ቀጥሎ የእንግሊዝ ኤምባሲ፣ በድሮው አጠራር ለጋሲዮን፣ አጥር ነው። እዚህ ላይ የጉዞው ትልቁ ጉድለት ይታያል። የትኛውም ግቢ ውስጥ አይገባም። አጥር፣ በር፣ ዛፍ፣ ያ ብቻ ነው። ፎቶ ማንሳትም አይፈቀድም። ልጁ ይህን አስቀድሞ በግልጽ ጽፏል፣ አላታለለንም። ግን ለጉዞው የሚመጣ ሰው ቤት አያለሁ ብሎ እንዳይመጣ።

አጥሩ ሥር የሰማነው ግን ጥሩ ነበር። በመጀመሪያ ዓመታት እዚያ ውስጥ የነበረው የሣር ክዳን ጎጆ ነው። በኋላ በበረሃ ጉዞው ስሙ የገነነው ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1902 የተወለደው ከነዚያ ጎጆዎች በአንዱ ነው። አባቱ እዚህ የእንግሊዝ መንግሥት ወኪል (በማዕረግ ሚኒስትር) ነበር። በሩን የሚጠብቁት ደግሞ ከሕንድ የመጡ ፈረሰኞች ነበሩ። ይሄ ነገር አስደነቀኝ። የአንዱ ቅኝ ግዛት ሰው ነፃ በሆነ ጥቁር ንጉሥ ከተማ ውስጥ የእንግሊዝን በር ይጠብቃል። ከኛ ሰው ጋር ገበያ ይወጣል፣ ይስማማል፣ ይጣላል። «ንጉሠ ነገሥትነት» የሚለውን ቃል እነሱ እንዴት ይሰሙት ነበር? ልጁ ጥያቄውን አንስቶ ቶሎ ተወው። እኔ ብሆን እዚያ ግማሽ ሰዓት እቆም ነበር።

በ1928 ሚያዝያ መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ከከተማ ከወጡ በኋላ ዘረፋው ሲነሳ ከሺህ በላይ ሰው የተጠለለው እዚሁ ግቢ ነው። የሲክ ወታደሮች ሰው እየጫኑ ከከተማ ያመጡ ነበር። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ ሁሉም እዚያ ሜዳ ላይ አደረ።

ስለ ልጅ ኢያሱ የነገረን ላይ ግን ትንሽ ተከራከርን። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ለጋሲዮኖች ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ከመሻራቸው ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ የጋራ ማስጠንቀቂያ ሰጥተዋል። ልጁ እንደሚለው ይህን ያቀለለው ጉርብትናቸው ነው። ለጋሲዮኖቹ ሁሉም በአንድ የከተማው ወገን ናቸው። በቅሎ ጭነው ይጠያየቃሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ ጃንሜዳ ፈረስ ያስሮጣሉ። ዓለም ጦርነት ላይ ስለነበረና ሦስቱም አንድ ወገን ስለነበሩ ጉርብትናው ባይኖርም ይጽፉት ነበር ብዬ ሞገትኩት። «ይጽፉት ነበር፣ ግን በስንት ቀን?» አለኝ። ጥሩ መልስ ነው። እስካሁን አላሳመነኝም፣ እስካሁን ግን እያሰብኩበት ነው።

ከዚያ ተመልሰን ሽቅብ ወደ ፈረንሳይ። ዳገቱ ቀላል አይደለም። ጉዞው ሦስት ሰዓት ይፈጃል ተብሎ አራት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በመንገድ ላይ ሽንት ቤት የለም። ይህን አስቀድሞ ማሳወቅ ነበረበት፣ በተለይ ለሽማግሌ።

ዳገቱ ላይ ስለ ሰፈር ስም አወራን። በድሮዋ አዲስ አበባ መኳንንቱ መሬት ይሰጣቸዋል፣ ሎሌዎቻቸው ዙሪያውን ይሰፍራሉ፣ ቦታው በጌታው ስም ይጠራል። ራስ ካሳ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር እንደምንለው። ምኒልክ ለፈረንሳይ 40 ሄክታር ገደማ ሲሰጡም የሆነው ይኸው ነው። የበቅሎ ጠባቂው፣ የአትክልተኛው፣ የወጥ ቤቱ፣ የዘበኛው ጎጆ በአጥሩ ዙሪያ በቀለ። ፈረንሳይ የሚባለው መንግሥት እንደ አንድ ራስ ሰፈር አገኘ። ዛሬ የታክሲ ረዳት «ፈረንሳይ! ፈረንሳይ! የሞላ!» ሲል የሚጠራው ያንን ነው።

እዚህ ላይ ነው ከዘራ የያዙት አባት የተናገሩት። እስከዚያ ድረስ ቃል አልተነፈሱም ነበር። ልጁ በለጋሲዮኑ ይሠሩ ስለነበሩ ሴቶች ሁለት ደቂቃ ብቻ ተናግሮ ሊያልፍ ሲል «ልጄ፣ ቆይ እስቲ» አሉት።

«እሺ አባባ።»

«እናቴ እዚህ ልብስ አጣቢ ነበረች። የአንድ ጸሐፊ ሸሚዝ ትተኩስ ነበር።»

ከዘራቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው በባዶ እጃቸው አሳዩን። ካውያው የከሰል ነው። ክዳኑን ከፍታ ፍም ትጨምራለች፣ ትዘጋዋለች፣ አመዱ እንዳይበር ወዲያ ዞራ ታራግበዋለች። ከዚያ ጣቷን ምራቋ ነክራ ሆዱን ትነካዋለች። «ጭስ» ካለ ደርሷል። መጀመሪያ ኮሌታውን፣ ቀጥሎ እጅጌውን። ሰውየው እጃቸውን በአየር ላይ እያንሸራተቱ ኮሌታውን ተኮሱት። 14 ሰው መንገድ ዳር ቆሞ የሌለ ሸሚዝ ሲተኮስ አየ።

«ሸሚዙ በርከት ብሎ በአንዴ ሲመጣ ግብዣ አለ ማለት ነው። ሻንጣ የሚገባ ልብስ ሲመጣ ጸሐፊው ሊሄድ ነው። እኛ ሰፈር ማን እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚሄድ ከጋዜጣ በፊት እናውቅ ነበር» አሉ።

ልጁ ማስታወሻውን አወጣ። «አባባ፣ ድምፅዎን ልቅዳው?» ብሎ ጠየቀ። ሲፈቅዱለት ስልኩን አጠገባቸው ያዘ፣ ሌላ ጥያቄ ጨመረ፣ ሰዓቱን ረሳው። መዘግየታችንን ይቅር ያልኩት ያኔ ነው። ከሚያውቀው በላይ የሚያውቅ ሰው ሲያገኝ ዝም ብሎ የሚሰማ አስጎብኚ ብዙ አላየሁም። ቀደም ሲል አንድ የነገረንን ታሪክ ከየት አመጣኸው ስለው ደግሞ «ይሄን ሲባል ነው የሰማሁት፣ ወረቀት አላየሁበትም» ብሎ በግልጽ መልሶልኛል። እምነቴን ያገኘው በዚያ ነው።

ጉዞው የሚያልቀው ፈረንሳይ አካባቢ አንዲት ሻይ ቤት ነው። ሻይና ሳምቡሳ ከክፍያው ጋር ነው። ሳምቡሳው ትኩስ፣ ምስሩ በቃሪያ የተመታ። ሻዩ ቅመም የበዛበት ነው ለኔ።

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። ድምፅ ማጉያ ቢገዛ፣ ሰውን ከ14 ወደ 8 ቢቀንስ፣ የሕንዶቹንና የሴቶቹን ነገር ቢያሰፋ አምስት ይሆናል። ለዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሪ ግን ዛሬውኑ ሂዱ ነው የምለው። ተሲስ ርዕስ አጥታችሁ «የቀንዱ ሀገራት ጂኦፖለቲካ» ከምትሉ አንድ በር፣ አንድ አስተርጓሚ፣ አንድ የደሞዝ መዝገብ ምረጡ። ጫማችሁ የተላመደ ይሁን፣ ውሃ ያዙ፣ ጃንጥላም አይጠላም።

ማታ ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። ጉራራ ነው የተወለደችው፣ ፈረንሳይን አቋርጣ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው። ሽንኩርት እየከተፈች ዝም ብላ ሰማችኝ። የካውያው ነገር ላይ ስደርስ ቢላውን አስቀመጠች።

«አያቴ እኮ ለለጋሲዮኑ ወጥ ቤት እንቁላል ታቀርብ ነበር» አለችኝ። «በውሃ እየነከረች ነው የምትመርጠው። የተንሳፈፈውን ለኛ ታስቀር ነበር።»

41 ዓመቴ ነው። ይህን ነገር ነግራኝ አታውቅም። ለምን አልነገርሽኝም ስላት «መች ጠይቀሽኝ?» አለች።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ለሁለት ሰው ከፍያለሁ። ለልጁም ደውዬ ስለ እንቁላሉ ነግሬዋለሁ፣ ቀረጻ ይዞ ይመጣል። እናቴ ለዳገት የሚሆን ጫማ የላትም። ነገ ከሥራ ስወጣ መርካቶ እንሄዳለን።